ያልነገርኩት ሰፈር

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበብኩ ዓይኔን አለማመድኩ፤ እጄ ግን አሁንም ከባድ ነው። አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። ይህን የምጽፈው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ካለችው ልጄ ቤት ነው። ወር ሳይሞላ ደግሞ ወደ ሌላው ልጄ እሄዳለሁ። አንድ ቤት ረግቶ መቀመጥ እስከ ዛሬ አልሆነልኝም። ልጆቼ «እማዬ፣ ማረፍ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ያኔ የምኖረው በእግሬ ነበር። ከደጋ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ይዤ አርባ ምንጭ እወርዳለሁ፤ ከአርባ ምንጭ ሙዝና ሀለኮ፣ እናንተ ሺፈራው የምትሉትን ቅጠል፣ ይዤ እወጣለሁ። ደጋ ላይ ደግሞ ከገበያ ገበያ እዞራለሁ። የማያውቀኝ መንደር አልነበረም። «አዬ ዘነበች» ይሉኛል። አዬ በጋሞኛ እናት ማለት ነው።

ሰው ከቅቤዬ ይልቅ የሚፈልገኝ ለመልእክት ነበር። ስልክ ገና በየቤቱ አልገባም። አንዷ ሩቅ ላገባች ልጇ «ታምሜያለሁ፣ ነይ» ብላ ትልከኛለች። ሌላዋ ከወንድሟ ጋር ተጣልታ «ደጄን እንዳይረግጥ» ትላለች። የተነገረኝን አልጨምርም፣ አልቀንስም። ላኪዋ ተቆጥታ ከነበረ ተቆጥቼ እናገራለሁ፤ አልቅሳ ከነበረ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አደርሳለሁ። ባለቤቴ ሲሞት መሬቱን ወንድሞቹ ተካፈሉት። ለኔ የቀረኝ ይኸው ስሜ ነበር፤ በሱም ኮርቼ እኖር ነበር።

በዚያች የደጋ ከተማ፣ ስሟን አልጠራም፣ ሰዎቹ ዛሬም አሉ፣ የቅዳሜ ገበያ የሚውለው አናት ላይ ባለው ሰፊ ሜዳ ነበር። ሰማይ ሲጠራ ቀዩ አባያና ሰማያዊው ጫሞ ከዚያ ሆነው ይታያሉ። ያን ዓመት ገበያው ወደ ታች ይዛወራል ተባለ። አዲሱ ቦታ ከመኪና መንገዱ በታች ያለ ረግረግ ነው። በቆርቆሮ የተሠሩት ሱቆች ለባለ ሱቆች ተሰጡ፤ መሬት ላይ ዘርግተን ለምንሸጥ ሴቶች ጭቃው ቀረልን። ቁልቁለቱን ሸክም አዝሎ መውረድ አንድ ነገር ነው፤ ያልተሸጠውን አዝሎ መመለስ ግን ወገብ ይቆርጣል። ገና በመጀመሪያው ሰሞን አንዲት ነፍሰ ጡር ቦታውን ልታይ ወርዳ ተንሸራትታ ወደቀች። እሷንም ልጁንም እግዚአብሔር አተረፋቸው። ሁለት ጊዜ ቢሮ ሄደን አመለከትን። ሁለቴም «ተወስኗል» አሉን።

ከኛ መካከል አልታዬ የምትባል የገብስ ነጋዴ ነበረች። ረጅም ናት፤ ስትናገር ድምጿን ስለማታነሣ ሰው ሁሉ ለመስማት ይጠጋታል። አንድ ቅዳሜ አሮጌው ገበያ ሊበተን ሲል ሰበሰበችን።

«አንጮህም፣ ድንጋይም አንወረውርም» አለች። «የፊታችን ቅዳሜ እንደ ሁልጊዜው ሸክማችንን ይዘን እንመጣለን። መንገዱ ዳር ቁጭ እንላለን። ወደ ታች ግን አንዲት ሴት አትወርድም። ሻጭ የሌለበት ገበያ ምን ሊያደርጉት ነው?»

«አንዷ ከወረደችስ?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«አንዷ ከወረደች ሁላችንም ወረድን በይው። ቤቷ ጨው የሌላት ሴት ጎረቤቷ ስትሸጥ እያየች ቁጭ ብላ አትውልም። አልፈርድባትም። ስለዚህ አንዷም እንዳትወርድ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አዬ ዘነበች፣ ስምንት መንደር አለ። ለስምንቱም አድርሺልን።»

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ዞርኩ። በየመንደሩ አንዲት ትልቅ ሴት እየፈለግሁ የአልታዬን ቃል እንዳለ ነገርኩ። እያንዳንዷም «ስለ መንደሬ እኔ አለሁ» አለችኝ። ያን ሳምንት እግሬን ዝናብ መታው፣ ተረከዜ ተሰነጠቀ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ስምንት መንደር በአንድ ቃል ሲተሳሰር ቃሉን የተሸከምኩት እኔ ነኛ!

ቅዳሜ ማለዳ ጭጋጉ ሳይገፈፍ መንገዱ ዳር በሴት ሞላ። ሁሉም ሸክማቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ተቀመጡ። ከታች አዲሱ ገበያ ባዶውን ተንጣሏል። ሁለት ሦስት ባለ ሱቆች ሳሙናና ፕላስቲክ ጆግ ደርድረው እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ሰርግ የመጣን አንመስልም?» አለች አንዷ።

«ሙሽራው የታለ ታዲያ?»

«ያውልሽ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ!»

የገበያ ኃላፊው ነበር። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጋሞኛ የማይሰማ፣ አዲስ ጃኬት የለበሰ ወጣት ነው። ጭቃው ጫፍ ላይ በተነጠፈ ድንጋይ ላይ ቆሞ «እናቶቼ! ቦታው ተዘጋጅቶላችኋል፣ ውረዱ!» ይላል።

«አንተ ቅደም ልጄ፣ ጫማህን እንየው!» አለችው አማርኛ የምትችል አንዲት ባለ ቅቤ። መንገዱ ሁሉ በሳቅ ተናወጠ። ሰውዬውም እግሩን ከድንጋዩ አላነሣም።

ሦስት ሰዓት ገደማ ሳቁ ቆመ። ከወዲያኛው ቁልቁለት በኩል ሰባት ሴቶች እንስራና ድስት አዝለው በተራ በተራ ወረዱ። ወደኛ ሳይመለከቱ ቀጥ ብለው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ደረቅ ቦታ መርጠው ሸክላቸውን መደርደር ጀመሩ።

«ሸክላ ሠሪዎቹ!» አለች አንዷ።

እነዚህን ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። በኛ ደጋ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ለብቻቸው ነው የሚኖሩት። የእርሻ መሬት የላቸውም። ውኃ የምንቀዳው በነሱ እንስራ፣ ወጥ የምንሠራው በነሱ ድስት ነው። ግን አብረናቸው አንበላም፣ አንጋባም። ሽማግሌዎች በሚመክሩበት ሜዳ፣ ዱቡሻ በምንለው፣ እነሱ ከተገኙም ራቅ ብለው ነው የሚቆሙት። የሚጠሩበት የስድብ ስምም አለ። ሕፃን ሆኜ ተምሬው እስክሸመግል ስጠራው ኖሬያለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

የገበያ ኃላፊው ከደስታው የተነሣ ጫማውንም ረሳ። ጭቃው ውስጥ ገብቶ የአንዷን እንስራ ከጀርባዋ አወረደላት፣ በስልኩም ፎቶ አነሣቸው። ድምፅ ማጉያውን ወደኛ አዞረና «ገበያው ተጀምሯል እናቶቼ! እነዚህን እዩ! የቀደመ ጥሩ ቦታ ይይዛል!» አለ።

እኛ ዘንድ ነገር ተበላሸ።

«ለነሱ ብለን ነው እንዴ ብርድ የሚመታን?»

«ድሮስ ከነሱ ምን ይጠበቃል!»

«የኔም ልጆች ጨው የላቸውም። እነሱ ከሸጡ እኔ የማን ሞኝ ነኝ?» አለች አጠገቤ ያለች ባለ ነጭ ሽንኩርት፤ የሸክሟን ገመድ ማጥበቅ ጀመረች። ወዲያው ሌሎችም ገመዳቸውን ያዙ።

ታሪኳ ብድግ አለች። ታሪኳ የሟች እህቴ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። «ሲመለሱ የሚያልፉት በድልድዩ ነው» አለች። «እዚያ እንጠብቃቸው። አንዲት ድስት ይዘው ቤታቸው አይገቡም!» ልጃገረዶቹ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ መልቀም ጀመሩ።

«ቁጭ በሉ» አለች አልታዬ። «መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። አዬ ዘነበች፣ ለነሱም ነግረሻቸዋል?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የመጣልኝ። እመኑኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሐሳቤ አልመጣም። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚኖሩት ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በደጃቸው አልፌያለሁ። ቦጋለች የምትባለዋ የእንስራ አንገት እያለሰለሰች አግኝቻታለሁ። ሰላም አልኳት፣ ጥቂት አወራን፣ መንገዴን ቀጠልኩ። ቃሉን አልነገርኳትም። ክፋት አስቤ አይደለም። ይህን የምለው ራሴን ለማንጻት አይደለም፤ ይልቁንም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ጠልቻቸው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አስታውሻቸው ነበር።

«በደጃቸው አልፌያለሁ» አልኩ።

አልታዬ ራሷን ነቀነቀች። ታሪኳ ወደ ሴቶቹ ዞራ «ሰማችሁ? አዬ ነግራቸዋለች! እያወቁ ነው የከዱን!» ብላ ጮኸች። «አይደለም» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። አላልኩም። ልጃገረዶቹ በነጠላቸው የቋጠሩትን ድንጋይ እኔው በእጄ ያቀበልኳቸው ያህል ተሰማኝ፤ ግን አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት። «እዚህ የተቀመጠው ስምንት መንደር በኔ ቃል ነው የመጣው። አንዱን ሰፈር መዝለሌን ካወቁ ሌላውንም በትክክል አድርሳ ይሆን ወይ ይላሉ፤ ሰው ይበተናል፤ ሴቶቹ ይሸነፋሉ» አልኩ። ለብዙዎች ስል ዝም ያልኩ አስመሰልኩት። ያሳሰበኝ ግን ስሜ ነበር።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። ከዚያ ከልጃገረዶቹ አንዷ አልታዬ ሳታያት ድንጋይ ወረወረች። ድንጋዩ ቁልቁለቱን እየነጠረ ወርዶ አንድ እንስራ መታ። ሲሰበር የተሰማው ድምፅ እኔ ጋ ደረሰ። የተሰበረው የቦጋለች ነበር፤ ማን ወረወረው ብላ ቀና አላለችም። ጎንበስ ብላ ስባሪውን አንድ በአንድ ለቀመችና በጨርቋ ቋጠረችው። ስባሪውን ምን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፤ ፈጭተው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ያቦኩታል። አለቃቀሟ የለመደችው ሥራ ይመስል ነበር። ድንጋይ ሲወረወርባት የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ተነሥቼ ቁልቁለቱን ያዝኩ።

መንገዱ አጋማሽ ስደርስ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። «አዬ! አዬ ዘነበች ወረደች!» «እሷም?» ለምን እንደሚጮኹ አልገባኝም ነበር። የገበያ ኃላፊው እጁን ዘርግቶ ወደኔ ሲመጣና «እንኳን ደህና መጡ እማማ! ይምጡ፣ ሸክምዎን ልቀበል!» ሲለኝ ነው ጀርባዬን የዳሰስኩት። ቅቤዬን አዝዬ ነው የወረድኩት! ዕድሜዬን ሙሉ ስነሣ ሸክሜን አዝዬ ስለምነሣ፣ መኖሩን ልብ አላልኩም። ከላይ ለሚያዩኝ ሁሉ እኔ ለመሸጥ ከስምንቱ መንደር የመጀመሪያዋ ነበርኩ።

ልመለስ አሰብኩ። ግን ከተመለስኩ እንደገና እንደማልወርድ አውቃለሁ። «ቆይ ልጄ» አልኩት ኃላፊውንና ወደ ቦጋለች ሄድኩ።

«ቦጋለች፣ ለምን መጣችሁ?»

«ቅዳሜ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። «ገበያው ወደዚህ ዞሯል ተባለ፣ መጣን።»

«ሴቶቹ ከላይ ተቀምጠው አላያችሁም?»

«አየን። የራሳችሁ ጉዳይ ያላችሁ መሰለን። እኛ ስትሰበሰቡ መጥተን 'ምንድነው?' ብለን እንጠይቃለን እንዴ? መቼ አስጠግታችሁን?»

«ረቡዕ በደጃችሁ ሳልፍ . . .»

«አዎ፣ አለፍሽ። 'ዝናቡ ይደርስብኝ ይሆን?' ብለሽ ጠየቅሽኝ። 'ይደርስብሻል፣ ፍጠኚ' አልኩሽ። ፈጥነሽ ሄድሽ።» ቁጣ የለባትም። የሆነውን ነው የምትነግረኝ።

የአልታዬን ቃል እንዳለ ነገርኳት። ሦስት ቀን የዘገየ መልእክት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያደረስኩት። ቦጋለች የሰበሰበችውን ስባሪ እያየች ሰማችኝ። ከጎኗ ያለች አሮጊት ሸክላ ሠሪ «ለዚህ ነው የወገሩን?» አለች።

«ያ ሁሉ ሰው እኛ ሰምተን እንደመጣን ነው የሚያውቀው?» አለችኝ ቦጋለች።

«አዎ።»

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያ አንቺው ንገሪያቸው። እዚያ ወጥተሽ በጆሯቸው አይደለም። እኔም ልስማው።»

ወደ ላይ አየሁ። ሽቅብ ነው፤ የኔ ደካማ ድምፅ ለዚያ ሁሉ ሰው አይደርስም። ኃላፊው አጠገቤ ቆሟል። «ልጄ፣ ድምፅ ማጉያህን ለአንድ አፍታ አውሰኝ» አልኩት። ሴቶቹን የምጠራለት መስሎት ቁልፉን ራሱ ተጭኖ በሁለት እጁ አቀበለኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ይዤ አላውቅም። የመጀመሪያውን ቃል ስናገር ድምፄ ከተራራው ተመልሶ መጣብኝና ደነገጥኩ። ከዚያ በጋሞኛ እንዲህ አልኩ፦

«አልታዬ፣ ስሚኝ። ዘነበች ነኝ። ለነዚህ ሴቶች አልነገርኳቸውም። በደጃቸው አልፌ ስለ ዝናብ ጠይቄ ሄድኩ። ቅድም ስትጠይቂኝ የነገርኳቸው አስመሰልኩ። እነሱ አልከዱም። ድንጋይ የሚገባው ለኔ ነው።»

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። «በጣም ጥሩ ነው እማማ፣ አሁን ይወርዳሉ!» አለኝ።

ከላይ ስድብ ጠብቄ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ብቻዋን ቁልቁለቱን ጀመረች። አልታዬ ናት። ሸክሟን ትታ፣ ባዶ ጀርባዋን ለሰው ሁሉ እያሳየች ነው የወረደችው። ኃላፊው ሊቀበላት እየተጣደፈ ሄደ፤ አለፈችው። እኔንም አለፈችኝ። ቦጋለች ፊት ቆመች።

«'ስምንት መንደር' ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ» አለቻት። «የናንተን ሰፈር እኔም አልቆጠርኩትም። በዓመት ሁለት እንስራ ካንቺ እገዛለሁ፤ አልቆጠርኩሽም።»

ቦጋለች የስባሪውን ቋጠሮ አጠበቀች።

«አሁን ልጠይቅሽ። ከኛ ጋር ትቀመጣላችሁ?»

«መቀመጥስ እንቀመጥ» አለች ቦጋለች። «እናንተ ጓሯችሁ እንሰት አለ። ሦስት ቅዳሜ ባትሸጡ ቆጮ እየበላችሁ ትሰነብታላችሁ። እኛ ዛሬ ካልሸጥን ነገ እሁድ የምንበላው የለንም። 'አንዷም አትውረድ' ስትባባሉ ይህን ያሰበ ሰው ነበር?»

«አልነበረም» አለች አልታዬ።

«ያላሰባችሁት ብዙ ነው» አለች አሮጊቷ።

«ገብሴን ውሰዱ።»

«ለልመና አልመጣንም» አለች ቦጋለች። «እንስራ ትፈልጊያለሽ?»

አልታዬ ትንሽ አሰበች። «እፈልጋለሁ» አለች። «ሌሎቹም ይፈልጋሉ። እናቶቻችን እንደሚያደርጉት፣ ሸክላ በእህል።»

ሰባቱ ሴቶች ሸክላቸውን መልሰው አዘሉ። ኃላፊው መሐላቸው ገብቶ «ወዴት ነው? ገበያው ገና መጀመሩ እኮ ነው!» ይላል። ቦጋለች በተሰባበረ አማርኛዋ «ሸክላ አይሻግትም ልጄ፣ ይቆያል» አለችው። ድምፅ ማጉያውን መልሼለት ከኋላቸው ወጣሁ።

ከላይ እልልታ አልጠበቀንም። አንዳንዶቹ ሴቶች ሸክላ ሠሪዎቹ ሲጠጓቸው ሸሸት አሉ። ሸክላ ሠሪዎቹም እንደልማዳቸው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ቢሆንም ባለ ነጭ ሽንኩርቷና ሌሎቹም የያዙትን ገመድ ለቀቁ። ልጃገረዶቹ ድንጋያቸውን አንድ በአንድ ከነጠላቸው እያወጡ ጣሉ። አልታዬ የመጀመሪያውን እንስራ በገብስ ወሰደች፤ ቀስ እያለ ሌላውም ቀረበ። ማንም ለመሸጥ ወደ ታች ሳይወርድ ሰባቱም ሴቶች የሳምንት ቀለባቸውን ይዘው በድልድዩ በሰላም አለፉ።

ታሪኳ ያን ቀን አላናገረችኝም። አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስንሄድ ከፊቴ ከፊቴ ትሄዳለች። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ያላደረስሽው ሌላ ስንት አለ?» አለችኝ።

«የማውቀው የለም።»

«ይኸንንም አታውቂውም ነበር።» ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «የእናቴንስ ቃል?»

እህቴ የሞተችው አባያ ዳር፣ በባሏ አገር ነው። «ልጄን 'በልብሽ እንዳዘንሽብኝ እንዳትቀሪ' በያት» ብላኝ ነበር፤ እናትና ልጅ ተጣልተው ነበርና። የሁለት ቀን መንገድ ሄጄ ደጋ ላይ ለነበረችው ለታሪኳ ያንኑ ነግሬያታለሁ። በዚያ ቃል ነው ልጅቱ የተጽናናችው።

«እንዳለችው ነው ያደረስኩልሽ» አልኳት።

«እንግዲህ ምን አውቃለሁ» ብላ ገባች። ድምፅ ማጉያ ይዤ ከመናገሩ ይልቅ ይህች ቃል ከበደችኝ። እስከ ዛሬም ስለዚያ ነገር አንሥተን አናውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ጊዜ እንዲያ ተቀመጥን። በአራተኛው ሳምንት ቢሮ ጠርተው «መሬት ላይ የሚሸጡ ሴቶች በአሮጌው ሜዳ ይቆዩ» አሉን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታች ድንጋይ ተነጥፎ ደረጃ ሲሠራ ገበያው ወረደ፤ ያኔ ማንም አልተቃወመም። ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ያለውም ነገር በአንድ ቀን አልተለወጠም። አብሯቸው የማይበላ ዛሬም ሞልቷል። እኔ ተለውጫለሁ ማለት ግን እችላለሁ። መንደር በቆጠርኩ ቁጥር ሳልቆጥር ያለፍኩት ደጅ የትኛው ነው እያልኩ መንገዱን በሐሳቤ እንደገና እሄደዋለሁ።

ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ዘመናችሁ ሌላ ነው። መልእክት በስልክ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ አገር ታዳርሳላችሁ። ለአንድ ጉዳይ ስትሰባሰቡ ከመካከላችሁ የሚከዳው ማን ይሆን እያላችሁ እንደምትጨነቁ አያለሁ፤ እኛም እንዲያው ነበርን። እኔን የገጠመኝ ግን ሌላ ነው። «ከዱን» ያልናቸው ሰዎች መጀመሪያውኑ ማንም 'አብራችሁን ሁኑ' ብሎ ያልጠየቃቸው ነበሩ። የምትደክሙለት ነገር ማንን ይበልጥ እንደሚያስርብም ጠይቁ። የተሳሳታችሁ እንደሆነም ለማኅበሩ ስል ነው እያላችሁ አትደብቁት። እኔ አንድ ሰዓት ነው የደበቅሁት፤ አንድ እንስራና የአንዲት ልጅ ልብ ተሰበረበት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ሁለተኛው ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት «አሁንም እንቀመጣለን» የሚል መልእክት እንደገና ማድረስ ነበረብን። አልታዬ እኔን ከሥራው አላወጣችኝም፤ ግን ብቻዬን አልላከችኝም። «ቦጋለች አብራሽ ትሂድ» አለች። አልተከፋሁም ብል ውሸት ነው።

ስድስተኛው መንደር ስንደርስ ባለፈው «ስለ መንደሬ እኔ አለሁ» ያለችኝ ትልቅ ሴት አጥሯ በር ላይ አገኘችን። እኔን ሰላም አለችኝ፣ ቦጋለችን አላለቻትም። እንድንገባም አልጋበዘችንም። ቃሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስጨርስ ከኔ ላይ ዓይኗን አነሣችና፣ ምናልባት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቦጋለችን በስሟ ጠራቻት።

«ቦጋለች፣ ይህ ሲባል አንቺም ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«አልታዬ እንዲህ ነው ያለችው?»

ቦጋለች ወደኔ ዞራ አየችኝ። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ ማናችንም ከቦታችን አልተንቀሳቀስንም። ቃሉን አጣምሜ እንደሆነ፣ አንድ ነገር ዘልዬ እንደሆነ በሐሳቧ እያገላበጠች እንደነበር ያስታውቃል። አላቻኮልኳትም።

«እንዲህ ነው ያለችው» አለች። «አዬ ዘነበች ምንም አልተወችም።»

«እንግዲያ እሺ» አለች ሴትዮዋ፣ ለሁለታችንም።